በአንድ ሰው በር መግባት

ጤና ይስጥልኝ ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ከርማችኋል? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ «መቼ ነው የምታነሺው?» ስትሉኝ የቆያችሁትን ጉዳይ ነው ይዤ የመጣሁት፦ በትዳር ምክንያት የባለቤት አገር ሄዶ መኖርን። ስለ ቪዛ አላወራም፤ እሱ የራሱ ባለሙያ አለው። የማወራው ሠርጉም፣ ጉዞውም፣ የአቀባበሉ ግርግርም ካለፈ በኋላ ስላለው ተራ ቀን ነው። ባለቤታችሁ ሥራ ሄዷል፣ እናንተ ቤት ናችሁ፣ ስልኩ ይጮኻል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ነው፣ በጥድፊያ የሆነ ነገር ይጠይቃችኋል፣ ከሚለው ውስጥ የገባችሁ ግማሹ ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ማለቴ ነው።

ለሥራ የሄደ ሰው መሥሪያ ቤት ይጠብቀዋል። ለትምህርት የሄደም እንደሱ ግራ የተጋቡ ሌሎች ተማሪዎች ያገኛል። በትዳር የሄደ ሰው ግን ወደዚያ አገር የሚገባው በአንድ ሰው በኩል ነው። ያ ሰው ባል ነው፣ ጓደኛም እሱው ነው፣ አስተርጓሚም፣ መንገድ መሪም፣ ደብዳቤ አንባቢም፣ ስልክ መላሽም እሱው ነው። ሚስት ያመጣችው ባል ከሆነም ያው ነው፤ እኔ በሴት በኩል የማወራው ራሴ የኖርኩት ስለሆነ ነው። እና ዛሬ ከልቤ ማለት የምፈልገው ይሄን ነው፤ አንድ አገር በአንድ ሰው በኩል ብቻ አይኖርም። ፍቅር ቢኖርም አይቻልም። እንዲያውም ፍቅሩን የሚጎዳው እሱ ነው።

ሐኪም ቤቱን ልንገራችሁ። ቋንቋው ገና አፌ ላይ ሳይቀና ሆዴን አመመኝና ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ ባለቤቴ ወደኔ ዞሮ ይነግረኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ይነግራታል። ትንሽ እንደቆየን ሐኪሟ እኔን ማየት ትታ እሱን ማየት ጀመረች። «ሕመሙ የሚነሳባት ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ትለዋለች። ቀጥሎ ደግሞ እሱ እኔን መጠየቁን ተወና ራሱ ይመልስላት ጀመር፤ መልሱን ያውቀዋላ! በደግነት ነው፤ ሰዓቱም አጭር ነው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀምጬ፣ ሁለት ሰዎች ስለኔ ሰውነት ሲነጋገሩ እሰማለሁ።

ማንም አልበደለኝም። ግን ሴት ልጅ ለሐኪም የምትናገረው፣ ለባሏም ቢሆን ገና ያልነገረችው ነገር ይኖራታል። ደግሞም ቤተሰብ ሲያስተረጉም ያሳጥራል፣ የሚያሳፍረውን ይዘላል፣ ክፉ ወሬ ሲሆን ያለዝባል። የሕክምና ባለሙያዎች የቤተሰብ አባል አስተርጓሚ ባይሆን ይመረጣል የሚሉት ለዚህ ነው። የሙያ አስተርጓሚ የሚያቀርቡ ሐኪም ቤቶች አሉ፣ በስልክ የሚያስተረጉሙም አሉ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ባለቤታችሁ ይምጣ፣ እጃችሁን ይያዝ፤ የእሱ ቦታ እሱ ነው።

ሌላው የቤተሰብ ገበታ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ይሄን በሙሉ ልብ ነው የምለው። ግን ሲሰበሰቡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይነጥቀዋል፣ ሦስተኛው ይጨርሰዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም ፊታቸውን እያየሁ ትንሽ ዘግየት ብዬ እስቃለሁ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብዬ «ምን አሉ?» እለዋለሁ። «ምንም አይደል፣ የድሮ ነገር ነው፤ በኋላ እነግርሻለሁ» ይለኛል። ያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ቢመጣም ሳቁን ይዞ አይመጣም።

እኔ በራሴ ቋንቋ ተጫዋች ነኝ። ነገር ቶሎ ይመጣልኛል፣ ሰው አስቃለሁ፣ ስከራከርም አልሸነፍም። በአዲሱ ቋንቋ ግን ቀልዱን አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት ጨዋታው ሌላ ቦታ ደርሷል። እዚያ የተዋወቁኝ ሰዎች «ጭምት ናት፣ ዝምተኛ ናት» ይሉኛል። እንደ ምስጋና ነው የሚሉት፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ። በዚያ አገር ውስጥ የድሮዋን እኔን የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቴ። ይሄ ለሱም ሸክም ነው። እሱ ሥራ አምሽቶ ሲመጣ የሚመሽበት ባል ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው፤ እኔን የሚያውቀኝ ብቸኛው ሰው ነው የሚመሽብኝ።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ካለርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት አገኘሁ። በፈረንጆቹ 1954 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ስለ ባህል ድንጋጤ ንግግር አድርጓል፤ ጽሑፉ በ1960 ታትሟል። ድንጋጤውን የሚፈጥሩት ትልልቅ ነገሮች አይደሉም ይላል። ሰው ሳያስብባቸው የሚኖርባቸው ትንንሽ ምልክቶች ሲጠፉ ነው የሚመጣው፦ መቼ እጅ እንደሚሰጥ፣ ግብዣ መቼ እሺ መቼ እምቢ እንደሚባል፣ ሰው የተናገረው የምሩን ይሁን ለጨዋታ። ሳነበው እፎይ አልኩ። ሰው «ምን ጎደለሽ?» ሲለኝ መልስ የማጣው ለዚህ ነበር። የጎደለኝ ተቆጥሮ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

በ1955 ደግሞ ስቬሬ ሊስጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሶሲዮሎጂስት ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ዕድል አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ የአገሩን ሰዎች አጥንቶ ነበር። ከ6 ወር በታች የቆዩትና ከ18 ወር በላይ የቆዩት ደህና ነበሩ፤ መሀል ላይ ያሉት ናቸው የከበዳቸው። መጀመሪያ ደስታ፣ ከዚያ መውረድ፣ ከዚያ መነሳት የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው፤ «ታገሺ፣ ያልፋል» የሚሏችሁም ይሄንኑ ይዘው ነው። በኋላ ግን ጥያቄ ተነስቶበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ኒውዚላንድ ለትምህርት የሄዱ ጃፓናውያንን ሲከታተሉ በጣም ከባዱ ጊዜ መጀመሪያው ሆኖ ነው የተገኘው። እንግዲህ የእናንተ መንገድ ከማንም መስመር ጋር ባይገጥም ችግሩ ከእናንተ አይደለም።

ከዚህ ሌላ የምለው አለኝ። እነዚህ የተጠኑት ሰዎች ተማሪዎችና የትምህርት ዕድል ያገኙ ናቸው። የመመለሻ ቀናቸው ይታወቃል። በትዳር የሄደ ሰው የመመለሻ ቀን የለውም። «ሁለት ዓመት ነው፣ እችለዋለሁ» ብሎ ራሱን ማጽናናት አይችልም። ስለዚህ ለኛ የሚያስፈልገን እስኪያልፍ መቻል ሳይሆን ኑሮ መመሥረት ነው፤ የራስ የሆነ ኑሮ።

ይሄ የራስ የሚለው ነገር ለሴት በቀላሉ የመጣ አይደለም። አሜሪካ በ1907 ባወጣችው ሕግ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር፤ አገሯ የባሏ አገር ነው ተብሎ። መሻሻል የጀመረው በ1922 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያገቡ ሴቶች ዜግነት ስምምነትን ያጸደቀው ጥር 1957 ላይ ሲሆን፣ ጋብቻ በራሱ የሚስትን ዜግነት እንደማይለውጥ የተደነገገው በሱ ነው። የኛ አያቶች ዘመን ማለት ነው፤ ሩቅ አይደለም። ዛሬም በብዙ አገር የመኖሪያ ፈቃድ መጀመሪያ ላይ ከጋብቻው ጋር የተያያዘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2003 የቤተሰብ መገናኘት መመሪያ በሚሠራባቸው አገሮች፣ የኅብረቱ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ያመጣው የትዳር ጓደኛ ቢዘገይ ከ5 ዓመት ኑሮ በኋላ የራሱን ፈቃድ የመጠየቅ መብት አለው። እናንተ ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ራሳችሁ እወቁ፤ ትዳራችሁ ሰላም እያለ እወቁ። ይሄ ባልን መጠርጠር አይደለም። ወዳ የምትኖር ሴትና መሄጃ አጥታ የምትኖር ሴት አንድ አይደሉም፤ የሚወዳትም ባል የመጀመሪያዋን ነው የሚፈልገው።

ወደ እኔ ልመለስ። ለኔ ነገሩ የተለወጠው በስልክ ነው። ስልክ ከፊት ለፊት ንግግር ይከብዳል፤ ፊት አይታይ፣ እጅ አይታይ። ባለቤቴ ይደውልልኝ የነበረውን ራሴ ልደውል ብዬ ተነሳሁ። ከመደወሌ በፊት የምለውን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ስሜን፣ የደንበኛ ቁጥሬን፣ የምፈልገውን፣ ሊጠይቁኝ የሚችሉትንም ጭምር። ከዚያ ሰውዬው ስልኩን ያነሳና ወረቀቴ ላይ የሌለውን ይጠይቀኛል! ልቤ ይመታል። ያዳነችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «እባክዎ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።» አዲስ ቋንቋ የምትጀምሩ ሁሉ እሷን ቀድማችሁ ያዙ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አብዛኛው ሰው ግን ይደግማል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት አጠገቤ እንዳይቀመጥ ነበር የምጠይቀው፤ ካለ ዓይኔ ወደሱ ይሄዳል።

ከዚያ የራሴ ሐኪም፣ በራሴ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ እሱን ማንም የማያውቅበት የቋንቋ ክፍል መጣ። የክፍሉ ልጆች ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ሁላችንም እንሰባበራለን፣ ማንም ማንንም አያጣድፍም። በቋንቋው መጀመሪያ ሰው ያሳቅሁት እዚያ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ሲቆም አንዷ ልጅ «ያንቺ ባል ነው?» አለችኝ። በዚያ አገር ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የሱ ሚስት የምባለው። በመኪና ስንመለስ ነገርኩት፤ እሱም ከኔ እኩል ደስ አለው። ለካ እሱም ደክሞት ኖሯል።

ስለ እሱ ድካም ብዙ አይወራም። ያመጣ ሰው ውስጥ ለውስጥ «እኔ ነኝ ከእናቷ የለየኋት» የሚል ነገር አለው። እኔ አገሩን ሳማርር እሱ የሚሰማው እሱን ያማረርኩ መስሎት ነው፤ ስለዚህ ወይ ይከራከራል ወይ መፍትሔ ይደረድራል። አሁን ስጀምር አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ «ዛሬ ላማርር ነው፣ ዝም ብለህ ስማኝ» እለዋለሁ። ይሰማኛል። ናፍቆት መልስ አይፈልግም፤ የሚሰማው ካገኘ ይበቃዋል።

የአገሩ ልጅ የሆናችሁት ባሎችና ሚስቶች የምታዳምጡኝ ከሆነ ስለ ገበታው አንድ ልለምናችሁ። ሳቁን ወዲያው ንገሯት። ግማሹንም ቢሆን ንገሯት፣ ጨዋታው ቢቋረጥም ንገሯት። ወይም ጨዋታውን ወደሷ አዙሩትና ጠይቋት፤ ቤተሰቡ እስክትጨርስ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። እናንተ የመጣችሁት ደግሞ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ያዙት። እኔ አማቴን ያወቅኳት ገበታ ላይ አይደለም፤ ከገበታ በኋላ ዕቃ ስናጥብ ነው። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ፤ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ቀስ ብላ ታወራለች፣ እኔም እደርስባታለሁ። ልጇ ልጅ ሆኖ ያደረገውን፣ እሱ ራሱ ያልነገረኝን፣ እዚያ ነው የሰማሁት።

ልጆች ሲመጡ ነገሩ እንደገና ይነሳል። በየት ቋንቋ ይናገሩ ሲባል ብዙ ሰው ለትምህርታቸው ያስባል፤ እኔ ለራሴም አስባለሁ። በእናታቸው ቋንቋ ካላናገርኳቸው የራሴ ቤት ገበታም ዘግይቼ የምስቅበት ይሆናል። ስለዚህ እኔ በራሴ ቋንቋ ብቻ ነው የማናግራቸው፣ ሰው ፊትም ቢሆን። ባለቤቴም ከነሱ ጋር እየተማረ ነው፤ አሁን እሱ ነው «ምን አለች?» የሚለው። ያኔ ወዲያው እነግረዋለሁ።

የት እንኑር የሚለውንም አንዴ ወስነን አልዘጋነውም። በየዓመቱ ቁጭ ብለን እናነሳዋለን፤ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የወላጆቻችን ጤና ተለዋዋጭ ነው። እስካሁን መልሳችን «እዚሁ» ነው፤ ግን ተጠይቄ የመለስኩት እዚሁ ነው።

በሚቀጥለው ክፍል ከዚህ የሚከብደውን ነው የማነሳው፦ ወላጆች በሩቅ ሲያረጁ። የደረሰባችሁ፣ በስልክ መርዶ የሰማችሁ፣ ልታካፍሉኝ ፈቃደኛ የሆናችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ። ስማችሁን አልጠራም። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።