የጨፋ ረግረግ ካርታ ለምን አልወጣም? (ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ ሼሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ ከከሚሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁ አባላት፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ለሰጡንም፣ ቡናውን ላፈሉልንም ምስጋናችን ይድረስ።

ከሳተላይት ምስል የአካባቢያችንን ካርታ ለመሥራት የተነሳንበት ዓመት ባዶ አልነበረም። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚሸፍኑት የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች (የቦታው መለያ ቁጥር ዱካ 168 ረድፍ 52) ከ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረዋል። ላንድሳት 7 ከ2003 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በስካነሩ ብልሽት ምስሉ ስለሚሸነታተር ትተነዋል። የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች የውሃ ጠርዝ ካርታ ተሠርቶ አልቋል። የኮምቦልቻ ጣሪያዎች ካርታም አልቋል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች ለማንም ዓይን ይታያሉ። የደሴ ዳርቻ ግን ገና መታረም አለበት፤ በጥር የታጨደ ማሳና የዛገ ቆርቆሮ በምስሉ ላይ ይመሳሰላሉ፣ የጦሳ ተራራ ጥላም ውሃ መስሎ ይወጣል።

ይህን እዚህ ላይ ልተወውና ዓመቱን ሙሉ ወዳንገበገበን ልምጣ። ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ረግረግ ካርታ አልወጣም።

ሐይቅ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። ክፍት ውሃ የቅርብ ኢንፍራሬድን፣ ማለትም ዓይናችን የማያየውን አንድ የብርሃን ዓይነት፣ ስለሚውጥ የአረንጓዴውንና የኢንፍራሬዱን ባንድ (ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግበውን የብርሃን ክፍል) ልዩነት ለድምራቸው ማካፈል ይበቃል፤ ከዜሮ በላይ የወጣው ባመዛኙ ውሃ ነው። ጨፋ ላይ ግን ውሃው ከቄጠማና ከደንገል ሥር ነው። ሳተላይቱ የሚያየው ቅጠሉን ስለሆነ ስሌቱ «ውሃ የለም» ይላል። «በየካቲት አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ረግረግ ነው» ያላችሁም ተሳስታችኋል፤ የመስኖ ሽንኩርትና በቆሎም በየካቲት አረንጓዴ ነው። ሁለቱን የሚለየው ጊዜ ነው። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ስለሚያልፉ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ አንድ ጥርት ያለ ምስል ይወሰድ። ማሳው ለምልሞ በሦስት በአራት ወር ታጭዶ አፈሩ ይገለጣል፤ ረግረጉ አይገለጥም። ለክረምቱ ደግሞ ደመና የማያግደው የሴንቲኔል 1 ሳተላይት ራዳር አለ።

ባለፈው ስብሰባ ያጣላን ነገርም ጠብ የሚያስነሳ አልነበረም። አንደኛው የጨፋ ረቂቅ ካርታ ረግረጉ ክፉኛ ጠቧል አለ፣ ሌላኛው እምብዛም አልጠበበም አለ። የመጀመሪያው ያነጻጸረው የድሮውን የመስከረም ምስል ከቅርቡ የየካቲት ጋር ነበር! ጨፋ ከክረምት ማግስት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ይህን ማንም የከብት እረኛ ያውቃል። ከእንግዲህ ወር ከወሩ ጋር እንጂ ሌላ ንጽጽር አንቀበልም፤ የየዓመቱ ዝናብም አብሮ ይታይ።

ይህን ሁሉ ብናስተካክል እንኳ መሬት የረገጠ ሰው ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት ቢያንስ 50 ነጥብ (ቦታው ላይ ቆሞ በጂፒኤስ የሚመዘገብ መገኛ)፣ አምስት ዓይነት ስለሆነ 250 ነጥብ እንድትሰበስቡ ተስማምተን ነበር። ሙሉው አልመጣም። ከመጣውም ብዙው ከመኪና ሳይወርዱ አስፋልት ዳር የተወሰደ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከአሮጌው 1፡50,000 ካርታ ተነቦ አዲንዳን በተባለው የድሮ የመገኛ ልኬት መነሻ የተመዘገበ ሆኖ ወደ ጂፒኤሱ መነሻ ሳይለወጥ ገብቷል፤ ወደ 200 ሜትር ስለሚስት ረግረግ የተባለው ነጥብ ሰው ግቢ ውስጥ አረፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

በሴንቲኔል 2 ምስል መቶ ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ካሬዎች) አንድ ሄክታር ነው። የተሳሳተ ካርታ ይዘን ቀበሌ ብንገባ አንድ አባት ተነስተው «ይቺማ የእኔ ሽንኩርት ናት» ይሉናል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማናል? በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ለሣሩ ወደ ጨፋ የሚመጡት የአፋር አርብቶ አደሮችስ ምን ይሉናል?

እዚህ ያላችሁ አብሽሩ፣ ወቀሳው ለእናንተ አይደለም። ሥልጠናው ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጣችሁ ምስክር ወረቀት ተቀብላችሁ ዛሬ የቀራችሁ ግን፣ ይህ ቃል በጎረቤቶቻችሁ በኩል ይድረሳችሁ። ስልካችሁ ጂፒኤስ አለው፤ የሚያስፈልገው ቦቲ ጫማና አንድ ቅዳሜ ነው። ስትመዘግቡ የስህተት መጠኑ ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከጠርዝ ቢያንስ 20 ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ፣ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ።

ነጥብ ለመሰብሰብ ወደ መስክ የመውጫው ተራ ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል። የቀሩትንም ስም እኔው አስገብቻለሁ፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ የእነሱ ነው።