ጣፋጩን አጋም እረኛው ያውቀዋል

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፤ ዛሬ የምናገረው ስለ አጋም ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። አልፈርድባችሁም። አጋም ስሙ የሚነሳው ሰው ሲታማ ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» እንላለን። ለእሾሁ ተረት ወጣለት፤ ለፍሬው ግን ጠበቃ አልቆመለትም።

እስቲ ዙሪያችንን እንይ። ከሐይቅ ዳርቻ ተነስተን በአምባሰል ተዳፋት ወደ መርሳ ብንወርድ አጋም ከመንገዱ አይጠፋም። ማንም አልተከለው፣ ማንም ውሃ አላጠጣው። ድንጋያማ መሬት ላይ ቆሞ በበጋም ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ሲያብብ መንገደኛውን በመዓዛው ያስቆማል፣ ንብም ትወደዋለች። ፍሬው ቀልቶ ሲጠቁር ልጆች ይለቅሙታል። የተረፈው ለወፍ ነው። በቃ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል።

እኔ የምለው ሰብል ሊሆን ይችላል ነው። ግን ነገሩን ከጫፉ አንጀምር። የዱር ፍሬ በተነሳ ቁጥር «የማርማላታ ፋብሪካ» የሚል ሐሳብ ይቀድማል። ወርክሾፕ ይጠራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፋብሪካው ምን ሊፈጭ ነው? መጀመሪያ የሚያስፈልገን ጥሩ ቁጥቋጦ ነው።

ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላንሳ። በአሜሪካ ምሥራቅ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ አሸዋ ላይ የሚበቅል የዱር ፕሪም አለ። የእኛ ኮክ ዘመድ ነው። ጨዋማ ነፋስና ደረቅ አሸዋ ይችላል። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ እየለቀመ ማርማላታ ይሠራበታል። ሰብል ለማድረግ ብዙዎች ሞክረዋል፤ በቅርቡም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሠርተውበታል። አስቸጋሪው ነገር ጠባዩ ነው። አንድ ዓመት ያለ ልክ ያፈራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ቅርንጫፍ ያሳያችኋል። ከዚያም በላይ፣ አንዱ ዛፍ ፍሬ እንዲይዝ በዘር ከእሱ ከሚለይ ሌላ የፕሪም ዛፍ የአበባ ብናኝ ይፈልጋል። አንዱን መርጦ እሱን ብቻ መትከል ዋጋ የለውም። እኛም አጋምን ስንመርጥ አንድ ዓመት አፈራ ብለን አናጨብጭብ። የዘንድሮውን በከርሞው እናመሳክር።

ብሉቤሪ የሚባለው የአሜሪካ ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ታሪክ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። እሱም ከመቶ ዓመት በፊት የዱር ቁጥቋጦ ነበር። ፍሬድሪክ ኮቪል የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ለምን በማሳ ላይ እንደሚሞት መረመረ። ሰው ሁሉ ለም አፈር እየሰጠው ነበር። ብሉቤሪ የሚፈልገው ግን ሌላው ሰብል የሚሸሸውን አሲዳማ አፈር ነው። ኮቪል ይህን በ1910 አሳተመ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በማግስቱ ዓመት በኒው ጀርሲ የምትኖር ኤልሳቤጥ ኋይት የምትባል የገበሬ ልጅ አነበበችውና «መሬት አለኝ፣ አብረን እንሥራ» አለችው።

የእሷ ብልሃት ነው እኔን የሚገርመኝ። ጫካውን ራሷ አልዞረችም። የዱር ብሉቤሪ ለሚለቅሙት ሰዎች 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ያለበት መለኪያ አደለች። ፍሬው በቀዳዳው ካላለፈ ቁጥቋጦው ተፈላጊ ነው። ላገኘው ሰው ትከፍለዋለች፣ ቁጥቋጦውንም በስሙ ትጠራለች። ሩበን ሊክ የተባለ ሰው ካገኘው ቁጥቋጦ የወጣው «ሩቤል» ዛሬም ይተከላል። በ1916 የመጀመሪያውን ምርት ገበያ አወጡ። አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

አያቶቻችንም ይህን ሥራ ያውቁታል። ጤፍን ከዱር ሣር መርጠው ያወጡት የዚህ አገር ገበሬዎች ናቸው። ጌሾም የዱር ቁጥቋጦ ነው፤ ዛሬም በጫካ አለ። ሰው ፈለገውና ጓሮ ገባ።

እንግዲህ አጋማችንን ማን ይመርጥልን? እኔ ዲግሪ አለኝ፤ ግን የትኛው ቁጥቋጦ እንደሚጣፍጥ አላውቅም። እረኛው ያውቃል። «ያኛው ይኮመጥጣል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ግን ማር ነው» የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ዛሬ ባለሙያዎቹ እናንተ ናችሁ። የምንፈልገው ትልቅ ፍሬ፣ ጣፋጭ፣ በየዓመቱ የማይዋሽ፣ እሾሁም ቢቀንስ ደስ ይለናል።

ቁጥቋጦው ሲገኝ በፍሬው ለማራባት አትቸኩሉ። ከጎበዝ በሬ ሁልጊዜ ጎበዝ ወይፈን አይወለድም፤ የአጋምም ዘር እንደዚያው ነው። እናቱን የሚመስል ችግኝ የምናገኘው ከቅርንጫፉ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ መሬት የተጠጋ ለጋ ቅርንጫፍ ምረጡ። መሬት በሚነካበት ቦታ ልጡን ትንሽ ላጡት። ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ዓይናችሁን እንዳይነካ። ከዚያ አጎንብሱት፣ አፈር አልብሱት፣ እንዳይነሳ ድንጋይ ጫኑበት። ጫፉ ከአፈር ውጭ ይቅር። በደንብ ሥር ሲሰድ ብቻ ከእናቱ ቁረጡት። ጊዜ ይወስዳል፤ የሚቸኩል ሰው ቃሪያ ይትከል።

ስትተክሉም ጤፍ የሚዘራበትን መሬት አትንኩ። አጋም አጥር ይሁን። ከብት አይደፍረውም፣ ፍሬውም ትርፍ ነው። ይህ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ በደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር የሚበቅለው የአጋም ዘመድ ለአጥርም ለፍሬም ይተከላል። ሕንዶችም የራሳቸውን አጋም ሆን ብለው እየተከሉ አቻር የሚባል በቅመም የታሸ ማባያና ማርማላታ ይሠሩበታል። የበሰለ ፍሬ ቶሎ ይበላሻልና ገበያው መጀመሪያ ቅርብ ይሁን፦ ሐይቅ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ።

አንድ ከባድ ነገር ቀረ። ቁጥቋጦው የተገኘው በወል መሬት፣ በተከለለ ተራራ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር ከሆነ የማን ነው? መልሱን እኔ አልሰጥም፤ የአገር ሽማግሌዎች ቁጭ ብላችሁ ወስኑት። ግን ችግኝ ከመሸጡ በፊት ወስኑት። ገንዘብ ከገባ በኋላ የሚደረግ ሽምግልና ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከቅጥር ውስጥ ቅርንጫፍ ለመውሰድም ፈቃድ ይጠየቅ። ሥር የሚነቅል ሰው ግን ከዚህ ሥራ ይወገድ።

ጠረጴዛው ላይ መለኪያ ቀለበትና መዝገብ አለ። ፍሬ ያመጣችሁ ልጆች ቀድማችሁ ተሰለፉ። ስማችሁንና ቁጥቋጦው ያለበትን ቦታ አስመዝግቡ፤ የተመረጠው ቁጥቋጦ ባገኘው ልጅ ስም ይጠራል። ትልልቆቹ ከኋላ ትጠብቃላችሁ።

አመሰግናለሁ።