የሂሳብ ባለሙያ ለመሆን የሚጠየቀውን ገንዘብ ማን ይክፈል?

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወላጆችና ተማሪዎች፤

እዚህ ጎንደር በአካውንቲንግ ዲግሪ የያዘ ወጣት ኤሲሲኤ የተባለውን፣ አንድ የብሪታንያ የሙያ ማኅበር የሚሰጠውን የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ልማር ብሎ ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ስለ ክፍያው ነው፤ መጠየቁም አግባብ ነው። ፈተናዎቹ 13 ናቸው። በዲግሪው ምክንያት ከአንዳንዶቹ ነፃ ቢደረግ እንኳ፣ ነፃ ለተደረገበት ለእያንዳንዱ ፈተና ይከፍላል፤ የመመዝገቢያና በየዓመቱ የሚከፈል መዋጮ አለበት፤ የወደቀበትንም ለመድገም ሙሉ ክፍያ ይጠየቃል። እኔ ራሴ ላልተፈተንኩት ፈተና ለምን እንደምከፍል ለአባቴ ማስረዳት ከፈተናው በላይ ከብዶኝ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚተመነው በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ፓውንዱም አብሮት ወጣ። ትምህርቱን ያጋመሰ ሰው፣ ደመወዙ በዚያው ልክ ሳያድግ፣ የቀሩት ፈተናዎች ዋጋ እጥፍ ሊሆንበት ደረሰ።

እስካሁን ክፍያውን በአብዛኛው የሚሸፍነው ቤተሰብ ነው፤ የእናት ዕቁብ፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም። የሚከፍል ቀጣሪ ሲገኝም የግዴታ ውል ያስፈርማል፣ ዋስ ይጠይቃል፤ ደመወዝተኛ ዋስ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ውሉን አልነቅፍም፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ሠራተኛው በማግስቱ ጥሎት እንዳይሄድ ቢሠጋ አይፈረድበትም። የምነቅፈው፣ ሦስት ዓመት አገልግሎ አንድ ወር የቀረውን ሠራተኛ ሙሉውን ዕዳ የሚያስከፍለውን አንቀጽ ነው። ዕዳው በአገልግሎቱ ልክ እየተቀነሰ መሄድ ይኖርበታል።

ደግሞም ማረጋገጫው የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሠልጣኙ እየተማረ የቀጣሪውን መዝገብ ይይዛል፣ ሂሳብ ይዘጋል፤ ቀጣሪው ጥቅሙን ማግኘት የሚጀምረው ከምረቃው በፊት ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት ሪፖርት የማዘጋጀት ግዴታ የጣለውም በተቋማት ላይ ነው እንጂ በሠራተኛው እናት ላይ አይደለም።

ስለዚህ ቀጣሪው የምዝገባውን፣ የዓመታዊ መዋጮውንና የእያንዳንዱን ፈተና የመጀመሪያ ሙከራ ይክፈል፤ ድጋሚውን ሠራተኛው ከኪሱ ይሸፍን። ኃላፊዎች፣ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊት፣ በሥልጠና በጀታችሁ ውስጥ ቢያንስ የአንድ ሠራተኛ ወጪ እንድትይዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።