ምንጣፉ የሁላችንም ነው፤ በማርሻል አርት ክለቦች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ሐዋሳ

የተከበራችሁ የክብር እንግዶች፣ የማኅበራችን መሥራቾች፣ ማስተሮች፣ አሰልጣኞች፣ ዳኞች፣ ሰልጣኞችና ወላጆች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሰን። ከአቶቴ፣ ከታቦር፣ ከቱላና ከመናኸሪያ አካባቢ በማለዳ ተነሥታችሁ ለመጣችሁ፣ አዳራሹን ያለ ክፍያ ለፈቀዱልንና ትናንት ወንበር ሲደረድሩ ላመሹ ወጣቶቻችን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርብ እኔ አላስረዝመውም። የደረጃ ማሳደጊያ የቀበቶ ፈተናዎች በወቅታቸው ተካሂደዋል። የዳኝነት ሥልጠና ተሰጥቷል። የሴት ሰልጣኞች ቁጥር ጨምሯል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በውድድር ሜዳሊያ ያመጡልን ልጆች ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡላቸው። የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ መዋጮ የቀረባችሁ ክለቦች ከጉባኤው በኋላ ገንዘብ ያዡን አነጋግሩ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሣኝ ጉዳይ ልግባ። የልምምድ ምንጣፉ ጉዳይ ነው።

ምንጣፉን የገዛነው ከየክለቡ በተዋጣ ገንዘብ ነው። ካራቴውም፣ ቴኳንዶውም፣ ውሹውም፣ ጁዶውም በየተራ እንዲጠቀምበት ተስማምተን ፈርመናል። ከእነዚህ ሁሉ ያለ ምንጣፍ ጨርሶ የማይሠራው ጁዶ ነው፤ ሰው አንሥተው የሚጥሉበት ስፖርት ነውና ሲሚንቶ ላይ ልጅ አይጣልም። ሆኖም ክረምቱ እንዳለፈ ምንጣፉ የተቀመጠበት ክፍል ቁልፍ ተቀየረ። የጁዶ ልጆቻችን ሐይቁ ዳር ሣር ላይ የአወዳደቅ ልምምድ ብቻ ሲሠሩ ወራት አለፉ። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ እሱም አልነበረም።

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአንድ ሰልጣኝ ቤተሰብ ቤት ቀየረ፤ ልጁም ለአዲሱ ሰፈሩ ወደሚቀርበው ክለብ ተዛወረ። የቀድሞው አሰልጣኝ «ተማሪዬን ነጠቁኝ» አለ። አዲሱ ደግሞ «በዚያ ክለብ የተሰጠ ቀበቶ አላውቅም፤ ከነጭ፣ ከጀማሪዎቹ ቀበቶ፣ ይጀምር» አለ። በሁለቱ መካከል የቆመው ልጅ ነው። በጋራ ልምምዱ ቀን አብረውት ያደጉት ጓደኞቹ እጁን ሳይጨብጡ አለፉት። ልጆች ይህን ከራሳቸው አያመጡትም፤ የነገራቸው ትልቅ ሰው አለ። ከተቆለፈው በር ይልቅ እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ስለዚሁ ምንጣፍ ሌላም ነገር ልንገራችሁ። በሩ ከመቆለፉ በፊት የአንደኛው ጠርዝ ተቀዶ ነበር። አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ አንድ ባለ ቢጫ ቀበቶ ሰልጣኝ መረብ የሚጠገንበትን ክር ከቤቱ ይዞ መጣና ጠርዙን ጠበብ ጠበብ አድርጎ ሰፋው፤ በየስፌቱም ቋጠሮ አሰረበት። ልጁ የሚሠራው ቴኳንዶ ነው። ለምን እንደደከመ ስጠይቀው «ጁዶዎቹ ሲወድቁ የእግር ጣታቸው ገብቶ እንዳይሰበር ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ልጅ ያስተማረው ማን ነው? እዚሁ አዳራሽ የተቀመጣችሁት ናችሁ። እንደዚህ ማስተማር እንደምንችል ስለማውቅ ነው የምቆጣው።

የያዝነው ጥበብ ራሱ ጠብን አይፈቅድልንም። ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ለተማሪዎቹ ካወረሳቸው ሁለት ዋና መርሆዎች አንዱ፣ ሰው ከባልደረባው ጋር ተጠቃቅሞ አብሮ ይደግ የሚል ነው። ልምምዱን ያየ ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ አንገቱ የተያዘ ሰው «በቃኝ» ለማለት በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ የያዘው ወዲያውኑ ይለቃል። የማይለቅ ሰው ነገ አብሮት የሚለማመድ አያገኝም። ታላቁ የካራቴ መምህር ጊቺን ፉናኮሺም ካራቴ በአክብሮት ተጀምሮ በአክብሮት እንደሚፈጸም አጥብቆ ያስተምር ነበር። ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ የምትሠሩትም አሰልጣኛችሁንና ታላላቆቻችሁን ልታከብሩ፣ ቴኳንዶን ያለ አግባብ ላትጠቀሙበት ቃል ትገባላችሁ። ቃሉ ሕፃናቱን ብቻ አያስርም፤ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀውን ይበልጥ ያስራል።

«የእኛና የእነሱ ፌዴሬሽን የተለያየ ነው» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ይለያያል። ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1966፣ ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ደግሞ በ1973 ተመሠረቱ፤ ለአሥርት ዓመታትም ተራርቀው ኖሩ። በ2014 ግን ቻይና ናንጂንግ ላይ መሪዎቻቸው ተገናኝተው፣ እርስ በርስ ለመከባበርና የአንዱ ስፖርተኛ በሌላው ውድድር እንዲካፈል ለመፍቀድ ተፈራረሙ። በ2018 የፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት የሰሜንና የደቡብ ኮሪያ ቴኳንዶ ቡድኖች በአንድ መድረክ ላይ አብረው ትርኢት አሳዩ። በሴኡልና በፒዮንግያንግ መካከል ያለው ድንበር ይህን ካልከለከለ፣ ከአቶቴ እስከ ታቦር ባለው መንገድ ላይ ምን ቆሞብን ነው?

ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲሰለፍ ደስታችን የጋራ ነበር። የየትኛው ክለብ ልጅ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ደግሞም የምንኖረው አፊኒ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ባለበት አገር ነው። የሲዳማ አባቶች የተጣላ ሲያስታርቁ ሳይሰሙ አይፈርዱም፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ ሁሉም ያዳምጣል። እኛም ሽማግሌዎች ለምነን ሁለቱን ወገኖች በዚያው ሥርዓት ጠርተናል። አንደኛው መጣ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስከ ቀትር ጠበቁ፤ ቁልፉን የያዘው ሌላኛው ግን አልመጣም፣ ስልኩንም አላነሣም። ሽማግሌ አስጠብቆ መቅረት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዛሬም አልተገኘም። ስም አልጠራም፤ ንግግሬን በስልክ እየቀረጻችሁ የምታደርሱለት ስላላችሁ ግን በእናንተ በኩል ላነጋግረው። ወንድሜ፣ አንተና እኔ ያደግነው በአንድ ማሰልጠኛ ነው። ትከሻዬ የወለቀ ዕለት ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ሐኪም ቤት ደግፈህ ያደረስከኝ አንተ ነህ፤ በማግስቱ ልትገጥመኝ ዕጣ የወጣልህም አንተው ነበርክ። ይህን ለሰልጣኞቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ ወደፊትም እነግራቸዋለሁ። ቅሬታ ካለህ መጥተህ ተናገር። ጥፋቱ የሌላው ወገን ሆኖ ከተገኘ ከጎንህ ቆሜ እከራከርልሃለሁ። ቁልፉን ግን መልስ። እነዚያ ልጆች የበደሉህ ነገር የለም።

«ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ነው፤ እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ተወካይ ሳትልኩ የከረማችሁ ክለቦችም አላችሁ። በእሑድ የጋራ ልምምድ ላይ የምናየው ያንኑ ጥቂት ሰው ነው። ነገ የእናንተም ሰልጣኝ ሰፈር ይቀይራል፤ ያን ጊዜ ለቀበቶው የሚመሰክርለት ማኅበር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች አቅርቧል። የመጀመሪያው የምንጣፉ ክፍል ቁልፍ በጸሐፊው እጅ እንዲሆንና የተራው መርሐ ግብር በየወሩ እንዲለጠፍ ነው። ሁለተኛው፣ በአባል ክለብ የተሰጠ ቀበቶ በዚያው የስፖርት ዓይነት በሁሉም አባል ክለቦች እንዲታወቅ፣ ክለብ የሚቀይር ሰልጣኝም ከቀድሞ አሰልጣኙ የመሸኛ ደብዳቤ እንዲያገኝ ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ድምፅ እንሰጥባቸዋለን፤ እባካችሁ ማንም ተነሥቶ አይሂድ። የጁዶ አሰልጣኛችን ልጆቹን ለመጪው እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ቀጥሯቸዋል፤ ምንጣፉን ተሸክመው የሚያወጡ ሰዎችም እፈልጋለሁ፤ በዕረፍቱ ላይ ስማችሁን አስመዝግቡኝ።

ጉባኤው መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።