ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ለገሃር በአንድ ጠዋት
ለአዲስ አበባ አስጎብኚዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ፒያሳ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ በዚህ ሳምንት ጎብኚ ይዛችሁ የምትወጡ ወጣት አስጎብኚዎች፤

እንደምን አመሻችሁ።

የተጠራሁት በኤሌክትሪክ ብስክሌት እየተዘዋወሩ የመሐል አዲስ አበባን ሐውልቶችና አደባባዮች ፎቶግራፍ ስለማንሳት እንድናገር ነው። ስለ ብስክሌቱም ስለ ካሜራውም እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን እምነቴን ላስቀምጥ። በአራዳ ጊዮርጊስ የዳግማዊ ምኒልክ፣ በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት፣ በአራት ኪሎ የድል፣ በለገሃር የሞዓ አንበሳ ሐውልቶች የሚናገሩት አንድ ታሪክ ነው። እኛ ግን አንዱን ዛሬ ሌላውን ከወር በኋላ፣ በታክሲ መስኮት እያየናቸው ስለኖርን የመንገድ ምልክት ብቻ ሆነው ቀርተዋል። «ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ጠብቀኝ» እንባባላለን፤ ሐውልቱ ለማን እንደቆመ ሳናነሳ ተገናኝተን እንሄዳለን። እነዚህን አራቱን በቅደም ተከተላቸው በአንድ ጠዋት ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በአጠገባቸው እንዲሁ አያልፍም። የጉብኝታችን ዓላማ ይኸው ነው፤ ፎቶግራፉም የሚያገለግለው ለዚሁ ነው።

ታዲያ ለምን በኤሌክትሪክ ብስክሌት? መኪና ባሰኘው ቦታ ቆሞ አያሳይም። በእግር እንዳይሆን ደግሞ አዲስ አበባ ዳገት ናት። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተሰሜኗ ያለው እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፒያሳ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ በእግሩ የወጣ እንግዳ፣ በተለይ ከቆላ አገር የመጣ ከሆነ፣ ሲደርስ የሚያስበው ስለ ሰማዕታቱ ሳይሆን ስለ ትንፋሹ ነው። የምንጠቀምባቸው ብስክሌቶች ሞተር ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያግዝ ነው። ነጂው ይሠራል፣ ሞተሩ ያግዘዋል፣ ዳገቱም ይቀላል። ስለዚህ ይህ ጉብኝት ለጎረምሳ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ብስክሌት መንዳት የሚያውቅ የስድሳና የሰባ ዓመት ሰው ደስ ብሎት ሊወጣው ይችላል፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምጓጓው እንደዚህ ያሉ ሰዎች ከፊት ሲነዱ ለማየት ነው። ጎብኚ ስንል የውጭ አገር ሰው ብቻ የሚታየን ከሆነ ሥራችንን ገና አልጀመርነውም። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎቻችን የዚህችው ከተማ ነዋሪዎች ሊሆኑ ይገባል።

መንገዱም እየተመቸ ነው። በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለከተማችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ባትሪያችንን የምንሞላበት ኃይል በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች የሚመነጭ ነው። ይህን ለጎብኚ ስትነግሩ በኩራት ንገሩ።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ።

የምንነሣው ከአራዳ ጊዮርጊስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሰዓቱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ፀሐይ እንደወጣች ቀጥ ብላ ነው የምታሻቅበው። በአውሮፓ የበጋ ጠዋት ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው ለስላሳ ብርሃን እኛ ዘንድ ቶሎ ያልቃል። ሦስት ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ የሚወጣ ፎቶ አንሺ የሚያገኘው ግንባርን የሚያበራ፣ ዓይንን በጥላ የሚሸፍን ብርሃን ነው። ስለዚህ ጎብኚዎቻችሁን በማለዳ ቀስቅሷቸው፤ ቁርሱ አራት ኪሎ ይጠብቃል።

በአራዳ መጀመሪያ ከብስክሌት ውረዱ። ሰዓቱ የኪዳን ሰዓት ነው፤ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ደጁን ተሳልመው ይገባሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብስክሌት አይነዳም፣ ለጸሎት የቆመ ሰውም ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሣም። «እማማ፣ ፎቶ ባነሣዎት ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይወስድም። «እምቢ» ካሉም አመስግኖ ማለፍ ነው።

ከዚያ ወደ ሐውልቱ ዙሩ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ ልብሳቸውን እንደለበሱ ይታያሉ። ሐውልቱ የቆመው በ1923 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት ወቅት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከሠራዊቱ ጋር የዘመተው የጊዮርጊስ ታቦት ነበርና ሐውልቱ ከዚህ ደብር ፊት መቆሙ ትርጉም አለው። ፋሽስት ኢጣሊያ ከተማዋን በያዘ ጊዜ ሐውልቱን አንሥቶ ከመሬት በታች ቀበረው። ከነጻነት በኋላ ተቆፍሮ ወጣና ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ታሪክ ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ተናገሩ። ይህን የሰማ ሰው ፈረሱን ብቻ አንሥቶ አይመለስም፤ የቆመበትን ድንጋይ፣ ፈረሱና ድንጋዩ የሚገናኙበትን ቦታ ጠጋ ብሎ ያያል። ተነቅሎ የተመለሰ ነገር እንደሆነ አውቋልና።

እዚህ ላይ ለፎቶግራፍ አንሺዎች አንድ ነገር በአጽንዖት መናገር እፈልጋለሁ። ዳራውን አታደብዝዙት። ሐውልቱ ብቻ ጎልቶ ወጥቶ በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደ ጭጋግ የሚታይበት ፎቶ ዛሬ የተወደደ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚህ ቦታ ግን ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። ፒያሳ በዓይናችን ፊት ተለውጣለች። ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ መንደሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት የካቲት ወር ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። ከሐውልቱ ጀርባ የሚታየው ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሆነ። ከዚያ በፊት ምኒልክ አደባባይን ያነሡ ሰዎች ዳራውን ግልጽ አድርገው ባይተዉልን ኖሮ የነበረውን ዛሬ በምን እናሳይ ነበር? ዛሬ የምታነሡት ፎቶም ነገ ለሌላው ማስረጃ ነው። ሱቁ፣ የመብራት ምሰሶው፣ አላፊ አግዳሚው ይግባበት።

ከአራዳ የራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ወደ ስድስት ኪሎ እንወጣለን። የሞተሩ እገዛ በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ጎብኚው ማርሹን አስቀድሞ እንዲያቀል፣ የሞተሩንም እገዛ ዳገቱ ሳይጀምር ከፍ እንዲያደርግ አስታውሱት። ካሜራ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አይነዳም፤ ማንገቻው በትከሻና በደረት ላይ ተሻግሮ ካሜራው ወደ ጀርባ ይዙር።

ስድስት ኪሎ ስትደርሱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያው አካባቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ሦስት ቀን የከተማዋ ሕዝብ ተጨፈጨፈ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ሐውልቱ 28 ሜትር ቁመት አለው፤ የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂያን አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው።

ብዙ ሰው ራቅ ብሎ ቁመቱን ያነሣና ይሄዳል። እናንተ ጎብኚውን ወደ ታችኛው ክፍል ውሰዱት። እዚያ በነሐስ ቅርጽ የወደቁ፣ የታሰሩ፣ የሚያለቅሱ ሰዎች በዙሪያው ተቀርጸዋል። ቅርጹ ከነሐሱ ብዙ ስለማይወጣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጎን ተንሸራቶ የሚመጣ ብርሃን ግን የእያንዳንዱን ጣት ጥላ ያወጣዋል። ስለዚህ ሐውልቱን ዙሩና ፀሐይዋ ጫፍ ጫፉን ብቻ የምትነካበትን ገጽ ፈልጉ። ይህ ገጽ ከወር ወር ይለያያል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በአዲስ አበባ ከራሳችን በስተሰሜን ናት፤ በሌላው ጊዜ በስተደቡብ። በክረምት ደመናው ሳስ ሲል የሰሜኑ ገጽ የሚበራውም ለዚህ ነው። በዚህ ቦታ ብስክሌት በአጥሩ ላይ አይደገፍም፣ ከሐውልቱ ፊት እየሳቁ መነሣትም አይገባም። ጎብኚው ባያውቅ ንገሩት፤ አይቀየምም።

ፈቃድ ካገኛችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት እንዲቆጥር ነበር ሐሳባቸው። ከነጻነት በኋላ ከላይኛው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር። ሳያፈርሱ አንበሳውን ከላይ ያስቀመጡት ሰዎች የሠሩት ሥራ እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ታነሣለህ ብባል የማነሣው ይህን ነው፤ ዝቅ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እርከን ሥር።

ወደ አራት ኪሎ ቁልቁለት ነው። ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም አልፈን እንወርዳለን፤ ሙዚየሙ የራሱ ቀን ይገባዋል። የአራት ኪሎው የድል ሐውልት የሚነግረን አንድ ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27። የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። ከስድስት ኪሎ በቀጥታ ለመጣ ሰው ይህ ቀን በደረቁ የሚነገር ቁጥር አይሆንበትም። አራት ኪሎ ዙሪያ ጥበቃ ያላቸው የመንግሥት ተቋማት ስላሉ ካሜራው ወዴት እንደሚዞር ተጠንቀቁ፤ የተከለከለውን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ከቁርስ በኋላ ወደ ፒያሳ ተመልሰን፣ አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ከነደፈው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቸርችል ጎዳናን ይዘን እንወርዳለን። ጥብቅ ማሳሰቢያዬ ስለዚህ ቁልቁለት ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት በባትሪውና በሞተሩ ምክንያት ከተራው ብስክሌት ይከብዳል፤ ለመቆምም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ሁለቱም ፍሬኖች ቀስ ተብለው አብረው ይያዙ፤ የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ ነጂውን በመሪው ላይ ያሳልፈዋል። ዝናብ በጣለበት ቀን ርቀታችሁን እጥፍ አድርጉ። ማንም እየነዳ ፎቶ አያንሣ። ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ፖስታ ቤትን፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት እያለፍን እንሄዳለን። እነዚህ ሌላ ታሪክ አላቸውና በዚህ ጠዋት አንጨቃጨቅባቸውም።

ለገሃር ላይ ቁሙ። ከጂቡቲ ይመጣ የነበረው የቀድሞው ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ ፊት ዘውድ የደፋው አንበሳ አለ። የቀረጸው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። ፋሽስቶች ይህን አንበሳ ነቅለው ሮም ወሰዱትና በዶጋሊ ለሞቱ ወታደሮቻቸው በቆመው መታሰቢያ ሥር አስቀመጡት። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ያደረጉት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችውም በዚያው በ1879 ዓ.ም.። ቂሙ ከከተማችን ጋር እኩያ ነው ማለት ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው ሮም ውስጥ እዚያ አንበሳ ፊት ነበር፤ ታስሮ እዚያው ኢጣሊያ ሳለ አረፈ። አንበሳው ግን ከነጻነት በኋላም ለረጅም ዓመታት ከቆየበት ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ጎብኚው ከፍ ብሎ አንበሳውን ካነሣ በኋላ ወደ መቀመጫው ዝቅ እንዲል አድርጉ። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የራስ መኮንንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስሎች ተቀርጸዋል። ማለዳ አራዳ ላይ በፈረስ ያየናቸውን ንጉሥ ያገኛቸዋል። እንደዚህ ሲሆን ከጎብኚዎች አንዱ ራሱ፣ እኛ ሳንነግረው፣ ታሪኩን ያገናኘዋል።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ አልበም ውስጥ ከእነዚህ አራት ቦታዎች በአንዱ የተነሣ የቤተሰብ ፎቶ ሊኖር ይችላል፤ አባት በሙሉ ልብስ፣ እናት በሐበሻ ቀሚስ፣ ልጅ በአዲስ ጫማ፣ ከኋላቸው አንበሳው ወይም ፈረሱ። እባካችሁ አውጥታችሁ አምጡልን። እኛው ቀድተን ዋናውን በማግሥቱ እንመልሳለን። ከጀርባው ቀን ወይም ስም ተጽፎበት ከሆነ እርሱንም እንገለብጣለን። አስጎብኚዎቹ እያንዳንዱን ፎቶ በተነሣበት ቦታ ይዘውት ይቆማሉ፤ ጎብኚውም ከዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ የዛሬውን ያነሣል። ፎቶውን ያመጣ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ሰው መርጦ ያለ ክፍያ አብሮን ይነዳል፤ ብስክሌቱም ሄልሜቱም ከእኛ ነው። ፎቶ የምትቀበለው ባልደረባችን መውጫው በር አጠገብ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።