ልጆቹን ይዛችሁ ኑ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እዚህ ፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የፊታችን ቅዳሜ በመኪና ሄደን በእግር ስለምንጎበኛቸው ቦታዎች ትንሽ እንድነግራችሁ ተጠይቄ ነው የቆምኩት። መንገዱ ቀላል ነው። ቡታጅራ መንገድን ይዘን መጀመሪያ የጥንት ሰዎች አሻራ ወዳለበት መልካ ቁንጡሬ፣ ከዚያ የተቀረጹ ትክል ድንጋዮች ወዳሉበት ጢያ እንሄዳለን። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጢያ ደግሞ ወደ 90። ብዙዎቻችሁ በዚያ መንገድ ለለቅሶም ለሠርግም አልፋችኋል። ወርዳችሁ ያያችሁ ግን ጥቂት ትመስሉኛላችሁ።

እኔ ጢያን መጀመሪያ ያየሁት 12 ደቂቃ ነው። በአንድ ቀን አራት ቦታ እናሳያችኋለን ካሉ ሰዎች ጋር ሄጄ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን እንኳን አላጠፋም። ገባን፣ ድንጋዮቹ ፊት ተደርድረን ፎቶ ተነሳን፣ ወጣን። ማታ ቤት ስገባ እናቴ "ምን አየሽ?" አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ስልኬን ሰጠኋት።

በዓመቱ እሷን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ግን ጢያ ዳገት የለውም፤ ከመግቢያው እስከ ድንጋዮቹ ሜዳ ነው። ቀስ ብላ ደረሰች፣ ነጠላዋን አነጠፈችና ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም። ማለዳ ስለነበር ፀሐይ ከጎን ትመጣለች። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ጎራዴዎች እያንዳንዳቸው ጥላ ይዘው ወጥተዋል። እናቴ ተቀምጣ፣ ሳትነካቸው፣ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረቻቸው። ጎራዴ፣ ጎራዴ፣ ክብ፣ እንደ ቅጠል የተሰነጠቀ ነገር። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትመጣ ቅርጾቹ ደበዘዙ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። በመጀመሪያው ጉዞዬ የሄድነው በቀትር ነበር። ፎቶዬ ላይ ግራጫ ድንጋይ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጢያ የምንደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ዘመም ስትል።

እዚያ 36 ድንጋዮች አሉ። 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የቆሙ ናቸው፤ ከላሊበላ ዘመን ጋር ይቀራረባሉ። ከሥራቸው ያለው መሬት ተቆፍሮ ሲታይ መቃብር ተገኝቷል። የቅርጾቹን ትርጉም በእርግጠኝነት የፈታ እስካሁን የለም። አስጎብኚያችን የተቀበሩት አብዛኞቹ ወጣቶች መሆናቸውን ሲነግረን እናቴ ቀና ብላ፣ "እናቶቻቸው ምን ብለው አልቅሰው ይሆን?" አለች። ስለ ጢያ ብዙ አንብቤአለሁ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን ወረቀት ላይ አላገኘሁም። ለመጠየቅ እዚያ ሣር ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጠዋቱ ጉዞ ልመለስ።

መልካ ቁንጡሬ አዋሽ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ቦታውን ልብ አለው። ከ1965 ጀምሮ በፈረንሳዩ ዣን ሻቫዮን መሪነት ለዓመታት ተቆፈረ፤ በኋላ ጣሊያኖች ተረከቡት። እ.ኤ.አ. በ2024 አቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር ሆኖ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ሙዚየሙ ጎጆ ጎጆ ሆኖ የተሠራ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን አትቸኩሉበት። ጋርባ ከሚባለው ሥፍራ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ሕፃኑ ሲሞት ገና ጡት የሚጥልበት ዕድሜ ላይ ነበር። ከዚያ በእግር ወደ ጎምቦሬ እንወርዳለን። መሬቱ ተቆፍሮ፣ ድንጋዩና አጥንቱ ሳይነሳ፣ መጠለያ ተሠርቶለት ተቀምጧል።

ጎምቦሬ ላይ እባካችሁ ቆም በሉ። እዚያ 700,000 ዓመት የሆነው የሰው ዱካ ተገኝቷል። በኩሬ ዳር፣ ጭቃ ላይ። ከእሳተ ገሞራ የመጣ አመድ ሸፈነውና ቆየ። አዋቂዎቹ እዚያው ድንጋይ ይጠርቡ ነበር፤ የጉማሬ ሥጋ ይበልቱ ነበር። ከዱካዎቹ መሐል ታዲያ የልጆች አሉ። ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት አንዳንዶቹ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት ናቸው። እናት ሥራ ስትሄድ ልጇን ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። ልጁ አጠገቧ ጭቃ ሲረግጥ ውሏል።

"ልጆች ይሰለቻቸዋል፣ ቤት ቢቀሩ አይሻልም ወይ?" ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሰዎች ሌላ መልስ የለኝም። ይኼው ነው መልሴ።

ሦስተኛው ነገር ባልጪት ነው። ከሙዚየሙ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለትንንሾቹ ስለሚበዛ እስከ መንደሩ በመኪና ሄደን ከዚያ በእግር እንቀጥላለን። ስሙን ስትሰሙ ድንጋዩን ታውቁታላችሁ። ባልጩት ነው። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ። የሙሴ ሚስት ሲፓራ ልጇን የገረዘችበት ዓይነት። ቆዳ ፋቂዎች በአንዳንድ የአገራችን ክፍል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የፋቁበት። ባልጪት ላይ ይህ ድንጋይ መሬቱን ሞልቶታል። ማሳው መሐል፣ የከብት መንገድ ላይ፣ እግራችሁ ሥር ኳ ኳ ይላል። ስብርባሪውን አጎንብሳችሁ ብታዩት ጠርዙ ላይ የተመታበት ቦታ እንደ ዛጎል ሞገድ ሞገድ ሆኖ ይታያል። ያንን ሰው ነው የመታው። የመልካ ቁንጡሬ ሰዎች ባልጩት መጥረብ ከጀመሩ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ጊዜ የእህቴ ልጅ አብሮን ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወደ መኪናው ስንመለስ ኪሱ ከብዷል። አስጎብኚያችን ሽማግሌ አየው። አልተቆጣም። "አሳየኝ እስቲ" አለው። ልጁ አንድ የሚያምር ስብርባሪ አወጣ፤ በፀሐይ ሲያዩት ጠርዙ ያሳልፋል። "ከየት አነሳኸው?" አለው። ልጁ በእጁ ጠቆመ፤ እዚያ ማዶ። "ስንሄድ ወይስ ስንመለስ? ከመንገዱ በላይ ወይስ በታች?" ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው ቁጢጥ ብለው ዓይን ለዓይን አዩት። "ልጄ፣ ይኼ ድንጋይ የሚናገረው ከቦታው ነው። ከጎኑ ያለው ድንጋይ ጓደኛው ነው። አንተ ቤት ገብቶ መስኮት ላይ ቢቀመጥ ድዳ ይሆናል" አሉት። ሁለቱ ተያይዘው ተመለሱ። እኛ ሃያ ደቂቃ ጠበቅናቸው። ቦታውን አገኙት፤ ድንጋዩ የተነሳበት ጉድጓድ ገና እርጥብ ነበር።

ልጁ ዛሬም ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ ይናገራል። ድንጋዩን ቢይዘው ኖሮ እስካሁን የትም ጠፍቶ ነበር።

እና አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ምንም አታንሱ። ጢያ ላይ ድንጋዩን አትደገፉ፤ ቅርጹን በጠመኔም በጣትም አትከተሉ። በማሳ ስንሻገር በዳሩ እንሂድ። ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ደርሷል፤ የሰው የዓመት ልፋት ነው። ለሚቀበሉን ሰዎች ሰላምታ እንስጥ። ቡና ከጋበዙን እንቀመጥ፤ ጊዜ ይዘናል። በዕቅዳችን ላይ ሁለት ሰዓት ባዶ የተውነው ለዚህ ነው።

ስለ አለባበስ፦ ስኒከር ይበቃል። ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፣ ውሃ፣ ቆሎ። ቦታው ከፍታ ላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ዝናብ ከጣለ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይይዛል፤ ቅያሪ ይኑራችሁ። ጠቅላላ የምንራመደው ተደምሮ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እሱም በእረፍት። መራመድ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ዛሬ ንገሩኝ። እናቴም አለች፤ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። እሷ ዘንድሮ የምትቆጥረው ሌላ ድንጋይ መርጣለች።

ሚኒባሶቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ በር ላይ ይቆማሉ። መንገድ ላይ የሚመሩን ልጆቹ ናቸው፤ አዋቂ ከኋላ ይከተላል። በእነሱ ፍጥነት ነው የምንሄደው።

አመሰግናለሁ። ቅዳሜ እንገናኝ።