የተቆረጠው ቅርንጫፍ የት ይሄዳል?

(ምስል፦ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ፤ መንገድ ዳር የተከመረ ቅርንጫፍ)

ይሄን ክምር አያችሁት? አጥር ሲስተካከል የተቆረጠ ነው። የተሰበረ የዕቃ መጫኛ ፓሌትም አለበት። ነገ ግማሹ ለማገዶ ይወሰዳል፣ ግማሹ ከቆሻሻ ጋር ተጭኖ ሌላ ቦታ ይራገፋል። ዛሬ የማወራችሁ እንዲህ ባለ ክምር ተሳፍሮ አገር ስለሚያዳርስ ጥንዚዛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፖሊፋገስ ሾት ሆል ቦረር (PSHB) ይሉታል።

መጠኑ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፣ 2 ሚሊሜትር ገደማ። መነሻው እስያ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፒተርማሪትዝበርግ ከተማ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ጆሃንስበርግን ጨምሮ ብዙ ከተሞች ገባ።

(ምስል፦ ተሰንጥቆ የተከፈተ ግንድ፣ ውስጡ ጥቁር መስመር)

የሚገርመው እንጨቱን አይበላም። ሴቷ ግንዱን ስትበሳ አፏ አጠገብ ባለ ትንሽ ኪስ ፈንገስ ይዛ ትገባለች፣ ጉድጓዷ ውስጥ ትዘራዋለች፣ እጮቿም ያደገውን ፈንገስ እየበሉ ያድጋሉ። ዛፉን የሚያደርቀው ፈንገሱ ነው፣ የውሃ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ልጆቿ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እርስ በርሳቸው ስለሚራቡ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን አዲስ ቦታ ላይ ዘር መተካት ትችላለች። ስለዚህ አንድ እርጥብ ቅርንጫፍ ቀላል ነገር አይደለም! በራሷ ክንፍ ሩቅ አትሄድም፤ ከከተማ ከተማ የምናደርሳት እኛ ነን፣ በማገዶና በቆሻሻ መኪና።

ፓሌቱንም አትናቁት። አሜሪካ ዲትሮይት አካባቢ በፈረንጆቹ 2002 የተገኘው ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ጥንዚዛ የገባው በማሸጊያ እንጨት ሳይሆን አይቀርም ይባላል፣ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎች ጨርሷል። ዛሬ ድንበር የሚያቋርጥ የማሸጊያ እንጨት እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየት ወይም በሌላ የተፈቀደ መንገድ መታከም አለበት፤ ከዚያ የስንዴ ዛላ ያለበት ምልክት ይታተምበታል። ከውጭ የመጣ ፓሌት ስትገዙ ምልክቱን ፈልጉ።

ወደ መጀመሪያው ጥንዚዛ ስመለስ፣ ጎንደር ገብቷል እያልኩ አይደለም። ግን የሚራባባቸው ዛፎች እዚህ አሉ፦ ጓሯችን ያለው አቮካዶ፣ ቆሻሻ መጣያ ዳር ሳይተከል የሚበቅለው ጉሎ። የቆርች ዘመዶችንም ደቡብ አፍሪካ ላይ አጥቅቷል። ፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ ሥራቸው ግንቡን ያቀፈውን ዛፎች ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ከሞተ ችግኝ አይተካውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

(ምስል፦ ግንድ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች)

ምን እናድርግ? ግንዱ ላይ ከ1 ሚሊሜትር ያነሱ ክብ ቀዳዳዎች፣ ዙሪያቸው የጠቆረ፣ ሙጫ ወይም ደቃቅ ሰጋቱራ ያለባቸው ካያችሁ ቅርንጫፉን ወደ ሌላ ሰፈር አትላኩ፣ ለማገዶም አትሽጡ። እዚያው ከ2.5 ሳንቲሜትር ባነሰ ቁራጭ ከትክቱት፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ተዉት። ከዚያ በፊት ግን ቀዳዳውን ከጎኑ ሳንቲም አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱና ለአካባቢያችሁ የግብርና ባለሙያ አሳዩ።